በግማሽ ዋጋ የወጡት ወንበሮች

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

እንዴት ሰነበትክ አባዬ? እንቅልፍህ እንዴት ነው? ምግብስ ይስማማሃል? ያ ጠዋት ጠዋት የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይስ አብሮህ ይኖራል? ቀኝ ትከሻህን ግን ለብቻው ሰላም ማለት እፈልጋለሁ፤ አንተን ስለሱ ስጠይቅህ "ደህና ነው" ብለህ ስለምታልፈኝ፣ አፍ አውጥቶ እሱ ራሱ ቢመልስልኝ ደስ ባለኝ። እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗን ያሳክካት የነበረው ተሻላት? ትንሿ እህቴ ፈተናዋን እንዴት ሠራች? ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውስ አሁንም መንደሩን በሬዲዮኑ ይቀሰቅሳል? እኔ ደህና ነኝ። ሲነዘንዘኝ የከረመው ጥርሴም ተነቅሎ ተገላግያለሁ። የቀረኝ በሽታ የእናንተ ናፍቆት ነው፣ እሱን የሚነቅል ሐኪም ደግሞ እዚህ አገር አላገኘሁም።

ደብዳቤ ሲደርስህ መገረምህ አይቀርም። ስልክ በኪሱ እያለ ብዕር የሚያነሳ ሰው ወይ ፍቅር ይዞታል ወይ ተጣልቷል ትል የለ? እኔን ሁለቱም ይዞኛል። የወንበሮቹን ነገር ባነሳሁ ቁጥር "ሰው መጣብኝ" እያልክ ስልኩን ትዘጋብኛለህ። ያ ሰው ማን እንደሆነ እማዬን ብጠይቃት፣ ከሥራ ቤቱ ድመት በቀር የመጣ የለም አለችኝ። ደብዳቤ ግን አይዘጋም፤ አጣጥፈህ ብታስቀምጠው እንኳ እማዬ ዘርግታ ጮክ ብላ ታነብልሃለች። ስለዚህ ቁጭ በልና በጸጥታ አንብበው፤ የምትቀመጥበት ወንበር እንደሁ ሞልቶሃል።

ሰው ስለኔ ሥራ ሲጠይቅህ "ኮምፒውተር ላይ ዋጋ ትቀንሳለች" ትላለህ አሉ። አልዋሸህም። ግን አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጌ ስላላስረዳሁህ አሁን ልንገርህ፣ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው።

ሱቃችን በርም መደርደሪያም የለውም። ሰው ስልኩ ላይ መብራቱን፣ መጋረጃውን፣ ትራሱን ያያል፤ ሲወደው ይከፍላል፣ ዕቃው ከመጋዘናችን ወጥቶ ቤቱ ድረስ ይሄድለታል። እኔ የምቀመጠው ከመጋዘኑ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከበታቼ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ሲቀደድ እሰማለሁ፤ መጀመሪያ ሰሞን ያስደነግጠኝ ነበር፣ አሁን ዝም ሲል ነው የምደነግጠው። የኔ ሥራ የቅናሽ ዘመቻ ማዘጋጀት ነው። የትኞቹ ዕቃዎች እንደሚቀንሱ እመርጣለሁ፣ ከመቶ ስንት እንደሚወርዱ እጽፋለሁ፣ ዘመቻው በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ እወስናለሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ የድሮውን ዋጋ በመስመር ይሰርዝና አዲሱን ከሥሩ በቀይ ይጽፈዋል።

ያቺን መስመር ቀላል እንዳትመስልህ። ብዙ ሰው የሚገዛው ዕቃውን አይቶ ሳይሆን መስመሯን አይቶ ነው። አንድ ጊዜ ባለ ረጅም እግር መብራት አልሸጥ ብሎን፣ አለቃዬ ዋጋውን ለአንድ ሳምንት ከፍ አድርጊውና ከዚያ ወደነበረበት መልሰሽ ቅናሽ በይው አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው ብሎ ነው። እኔ ግን የማን ልጅ ነኝ፤ ማንም ያልገዛበትን ዋጋ ሰርዤ አላሳይም ብዬ ድርቅ አልኩ። አንተ ገዢ ሲከራከርህ ወንበር ስበህለት፣ ውሃ ቀድተህለት፣ ስለ ልጆቹ ጠይቀኸው፣ "ዋጋው አንድ ነው፤ ወሬው ግን በነፃ ነው" ብለህ ስትሸኝ እያየሁ ነው ያደግሁት። አለቃዬ ትከሻውን ነቅንቆ ተወኝ። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤት ውስጥ "ቀጥ ያለችው" ይሉኛል፤ ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አላወቅሁም።

ወንበሮችህ እዚህ ሱቅ እንዴት እንደገቡም በደንብ አልነገርኩህም መሰለኝ። ሠርተህ የሰጠኸኝን ወንበር ቤት ከማስቀምጠው ብዬ ቢሮ ይዤው ሄጄ ነበር። አለቃዬ አንድ ቀን ለስብሰባ መጥቶ እሱ ላይ ተቀመጠና ስብሰባው ካለቀ በኋላም አልነሳ አለ። ከዚያ ገልብጦ ሥሩን አየው፤ ሚስማር ፈልጎ አጣ። መሮና ኮላ ብቻ ነው ብዬ ብነግረው አላምን አለኝ። ዓምና ለዕረፍት መጥቼ ለሱቃችን እንድትሠራ የለመንኩህ በሱ ምክንያት ነው። ሐኪሟም ትከሻህን አገላብጣ ያየችው ያኔ ነው፤ በሳምንት ከአንድ ወንበር በላይ ከሠራህ ጅማቱ ይበጠሳል፣ ከተበጠሰ ደግሞ ያ ክንድ ዳግመኛ መላጊያ አይገፋም ስትልህ አጠገብህ ቆሜ ነበር። አንተም ተስማማህ። በወር አራት ወንበር፣ እያንዳንዱ ላይ ራስህ ተቀምጠህ ካየኸው በኋላ፣ በጭነት መኪናው ሹፌር ትልክልን ጀመር። በመጡ በማግስቱ ያልቃሉ። ካርቶኑን ከሹፌሩ የምቀበለው እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከመጋዘን ሠራተኞቹ በፊት ካልከፈትኩት ቀኑ የሞላ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ወቅት ሲለወጥ መጋዘኑን የምናጸዳበት ትልቅ ዘመቻ አለ። ዕቃው ብዙ መቶ ስለሆነ አንድ በአንድ እየመረጥኩ ከምደክም ብዬ ለኮምፒውተሩ ደንብ ጻፍኩለት፤ በወር ከአሥር በታች የተሸጠ ማንኛውም ዕቃ በግማሽ ዋጋ ይውጣ። ደንቡ የለቀመውን ከላይ ከላይ አየሁት፤ መብራት፣ ምንጣፍ፣ የአበባ ማስቀመጫ። ልክ ነው አልኩና አጸደቅሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ለኔ ነው። ያንተ ወንበሮች ታች ነበሩ። በወር አራት ይሸጣሉ፣ አራት ደግሞ ከአሥር በታች ነው። አራት ብቻ የሚሸጡት አራት ብቻ ስለሚመጡ፣ አራት ብቻ የሚመጡት ደግሞ ትከሻህን ስለሚያምህ እንደሆነ ደንቡ ውስጥ የትም አልጻፍኩም።

በዚያ ላይ ወንበሮችህ መጋዘን ስለማይቆዩ፣ የፈለገ ሰው ቀድሞ ከፍሎ ተራ እንዲይዝ ፈቅደን ነበር። ዘመቻው ጠዋት ተከፈተ። ከምሳ ስመለስ ዕቃዎቹን ፎቶ የምታነሳው ባልደረባዬ ደረጃው ላይ ጠብቃ አባትሽ ሀብታም ሊሆን ነው አለችኝ። ሮጬ ገብቼ ወንበሮቹን ከዘመቻው አወጣኋቸው፤ የከፈለው ግን ከፍሏል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ፤ እኔ ያቦካሁት ለሠላሳ ስድስት ሰው ተረፈ።

አለቃዬ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ቀላል ነው አለ። ስህተት ነበር፣ ይቅርታ፣ ገንዘባችሁ ተመልሷል የሚል መልእክት ለሁሉም እንላክና ትዕዛዞቹን እንሰርዛቸው አለ። እንዲህ ያለ ነገር በሌላ ዕቃ ላይ ሲደርስ የምናደርገው ይኼንኑ ነው፤ ማንም አያለቅስም። ሳልሰርዝ በፊት ላንተ ልንገርህ ብዬ ደወልኩ። እየተንተባተብኩ ሳስረዳህ ቆየህና "ስንት ናቸው?" አልከኝ። ሠላሳ ስድስት አልኩህ። "እንግዲህ እንጨት መግዛት አለብኝ" አልክና ዘጋኸው።

በማግስቱ ልሰርዘው ነው ስልህ "ሰው መጣብኝ" አልክ። ልዩነቱን ሱቁ ይክፈልህ ስልህ "ሰው መጣብኝ"። ሳይውል ሳያድር እማዬ መደወል ጀመረች። ጎህ ሲቀድ ገብተህ ሲመሽ እንደምትወጣ፣ በሁለት ሳምንት አምስት ወንበር እንደጨረስክ፣ ቀኝ እጅህን በግራ እጅህ ደግፈህ ብርጭቆ እንደምታነሳ ነገረችኝ። ሸሚዝህን እሷ ነች የምታለብስህ አሉ። አባዬ፣ ያን ስሰማ ተናደድኩብህ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄብህ አላውቅም። ለማያውቅህ ሰው፣ አይቶህ ለማይመሰግንህ ሰው፣ ክንድህን ልትሰጥ ነው እንዴ እያልኩ ብቻዬን ስብከነከን ዋልኩ።

ስለዚህ ሳልነግርህ ልሰርዝ ወሰንኩ። ሠላሳ ስድስቱንም አንድ ላይ መርጫለሁ፤ "ሰርዝ" የሚለውን መንካት ብቻ ነው የቀረኝ። እማዬ ባትደውል ኖሮ ዛሬ ይህ ደብዳቤ አይደርስህም ነበር፣ ተኳርፈን ነበር። ሹፌሩ ወንበር ሊጭን መጥቶ ምን እንዳለህ ነገረችኝ። በማሽን ስህተት የወጣ ዋጋ አያስገድድህም፣ ሰው ይስቅብሃል እንጂ አያመሰግንህም፣ ተወው ብሎህ ነበር። አንተም መላጊያህን ሳታስቀምጥ እንዲህ አልከው፦

"ማሽን ዋጋ አያወጣም። ዋጋውን ያወጣችው ልጄ ናት። ልጄ ያወጣችው ዋጋ፣ ዋጋ ነው።"

ስልኩን ይዤ ወደ ደረጃው ወጣሁና አለቀስኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን አስቀምጣ ሰው ሞቶብሽ ነው ወይ አለችኝ። አይ፣ አባቴ ወንበር እየሠራ ነው አልኳት። ምን እንደገባት አላውቅም፣ ጀርባዬን መታ መታ አድርጋኝ ወለሉን መጥረጓን ቀጠለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ አሰብኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስናገር የነበረው "ማሽኑ" እያልኩ ነው። ማሽኑ ቆጠረው፣ ማሽኑ ወሰደው፣ ማሽኑ ቀነሰው። እዚህ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናወራው፤ አለቃዬም፣ የሒሳብ ክፍሏም፣ እኔም። ዋጋ ይወጣል፣ ዋጋ ይወርዳል፣ ያወጣውና ያወረደው ሰው ግን የለም። አንተ ደግሞ ኮምፒውተር ከፍተህ የማታውቅ፣ አንዴ ሰምተህ ከጀርባው እኔን አየኸኝ። ልታሳፍረኝ ብለህ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አንተ ግን የተናገርከው እየኮራህብኝ ነው። ቃሌን እንደ ሰው ቃል ቆጥረህ፣ ቃሏ መሬት ከሚወድቅ ክንዴ ይውደቅ ብለሃል። እንዲህ የተወደደ ሰው መቆጣትም ማመስገንም ይቸግረዋል፤ እኔ ሁለቱንም እያደረግሁ ነው።

አልሰረዝኩም። ለሠላሳ ስድስቱም ጻፍኩ እንጂ። አለቃዬ እውነቱን ከጻፍሽላቸው ግማሾቹ ይሄዳሉ ብሎ ሲሰጋ፣ ይሂዱ፣ በሩ ክፍት ነው አልኩት። ወንበሮቹን የሚሠራው አንድ ሰው እንደሆነ፣ ዋጋው በኔ ስህተት እንደወጣና ሠሪው ግን እንደተቀበለው፣ ትከሻውን ስለሚያመው ቀስ ብሎ እንደሚሠራ ነገርኳቸው። ገንዘቤን የሚል ዛሬውኑ ይወስዳል፣ እጠብቃለሁ የሚል ግን ረጅም ጊዜ ይጠብቃል አልኳቸው። ስሜን ከታች ጻፍኩበት፤ እኛ ለደንበኛ ስንጽፍ ሁልጊዜ የምንፈርመው በሱቁ ስም ነው፣ በራሴ ስም ስፈርም የመጀመሪያዬ ነው።

መልሱን ብታይ ትስቅ ነበር። አንዱ ብጠብቅ ተጨማሪ ቅናሽ አገኛለሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዲት መምህርት ሠሪው የሚሻለው ከሆነ ወንበሩ ሲመጣ ይምጣ፣ እስከዚያ አልጋ ላይ እቀመጣለሁ አለች። አንድ ሽማግሌ ሙሉውን ዋጋ ልክፈል ብሎ ሁለት ጊዜ ጻፈልኝ፤ አባቴ ይቆጣል ብዬ መለስኩለት። አሥራ አንዱ ገንዘባቸውን ወሰዱ፣ በሰላም ይብሉት። ሃያ አምስቱ እንጠብቃለን አሉ። ደንቡንም ቀየርኩት፤ ኮምፒውተሩ ከእንግዲህ ስንት ተሸጠ ብሎ ሳይሆን ስንት ሳይሸጥ ቀረ ብሎ ነው የሚቆጥረው። ያንተ ወንበር ቀርቶ አያውቅም። በዚያ ላይ ምንም ዘመቻ የማይነካቸው የሚል ክፍል ከፈትኩ፣ እስካሁን ውስጡ ያሉት ወንበሮችህ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ አሁን የቀረው ያንተና የኔ ነገር ነው። ከሃያ አምስቱ አምስቱን ጨርሰሃል። ለቀሩት ሃያ ሰዎች ለእያንዳንዳቸው ወንበራቸው የሚደርስበትን ቀን ቆርጬ ጽፌላቸዋለሁ፤ በሳምንት አንድ ወንበር፣ ከዚያ የሚያልፍ የለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ባዶ ትቻቸዋለሁ፣ ትከሻህ ይረፍባቸው። ከቀኑ ቀድሞ የተሠራ ወንበር እንዳይጭን ለሹፌሩ ነግሬዋለሁ፤ ሊጭን ቢሞክር እንኳ መጋዘኑ አይረከብም፣ የምረከበው እኔ ነኝና። ገዢዎቹም ቀኑን ተቀብለውታል። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው። አባዬ፣ ልጅህ ያወጣችው ዋጋ ዋጋ ከሆነ፣ ልጅህ የቆረጠችው ቀንም ቀን ነው። ቃሌን እንዳታስበላኝ።

እማዬን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ የሥራ ቤቱ ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ እሷ ዘንድ ይደር፣ አስቀድመን ተነጋግረንበታል። ትንሿ እህቴ ውጤቷ ጥሩ ከሆነ ራሷ ትደውልልኝ፣ ጥሩ ካልሆነም ትደውልልኝ። ልብስ ሰፊውን ከነሬዲዮኑ ሰላም በልልኝ። ሹፌሩን ለመከረህ ምክር አመስግንልኝ፣ ባትሰማውም። ድመቷንም ሰው መጣብኝ እያልክ ስሟን ስታጠፋ ስለከረምክ ይቅርታ ጠይቃት። አንተን ራስህን ደግሞ በግራ ትከሻህ በኩል አቅፌሃለሁ፣ ቀኙ እንዳያምህ ብዬ።

ወዳጅህና አፈኛዋ ልጅህ

ከመጋዘኑ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አጠገብ
ቅዳሜ ጠዋት፣ ኅዳር 9 ቀን